ጋሽ ረዲ የሚያጠፉት መብራት

አንድን ነገር ለሰው ከሥር ከመሠረቱ አስረድታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ያስረዳችሁትን ነገር በዓይናችሁ አይታችሁት እንደማታውቁ ትዝ ብሏችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ያስረዳኋቸው ሰው የትምህርት ቤታችን የማታ ጥበቃ ነበሩ። ያስረዳሁትም እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩትን ነገር ነው።

ጋሽ ረዲ ባለፈው ግንቦት አረፉ። አሁን በማስተምርበት በወልቂጤ፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፈተና ሳርም ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ትልቋ ልጃቸው ሙኒራ ነበረች። "ቲቸር፣ አባባ ወደ አኼራ ሄዱ" አለችኝ። ወዲያውም "ቀብሩ አልፏል፤ እንዳትሮጪ። ለሰደቃው ትደርሻለሽ" ብላ እሷው አጽናናችኝ።

ቡታጅራ ሄጄ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ጋሽ ረዲ ብዙ ተባለ፦ ሶላት አያልፋቸውም፣ ሰው አያስቀይሙም፣ አደራ አይበሉም። ሁሉም እውነት ነው። ስለ መብራቱ ግን አንድም ሰው አላነሳም። ይህንን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ቡታጅራ የደረስኩት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ መስከረም ላይ ነው። ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ባዮሎጂ እንዳስተምር ተመድቤ መጣሁ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካሉት የመምህራን ክፍሎች አንዷን ሰጡኝ። የክፍሌ መስኮት ወደ ኋላው አጥር ያያል። ከአጥሩ ወዲያ ቄጠማ የሞላው ረግረግ አለ፤ በመሃሉ ትንሽ ወንዝ ያልፋል፤ ከወንዙ ማዶ የጫት ማሳ ነው። አጥሩ ጥግ ላይ በብረት ምሰሶ የተሰቀለ ትልቅ ፓውዛ ነበር፤ ሲበራ ረግረጉን እስከ ወንዙ ድረስ ቀን ያስመስለዋል።

ይህ ፓውዛ በየምሽቱ የመግሪብ አዛን ከተባለ በኋላ ድርግም ይልና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይበራል። እኔ ነገሮችን መመዝገብ እወዳለሁ። ክፍሌ ውስጥ የራሴን አምፖል አብርቼ አራት ቀን ተከታትዬ የጠፋበትንና የበራበትን ሰዓት ደብተር ላይ አሰፈርኩ። በአምስተኛው ምሽት መብራቱ ሲጠፋ ደብተሬን ይዤ ወደ ጥበቃው ሄድኩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው ከጉልበታቸው በታች የሚወርድ ሽማግሌ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ኮፊያ አድርገዋል፤ በእጃቸው ተስቢህ፣ የሶላት መቁጠሪያ፣ ይዘዋል።

"ጋሼ፣ መብራቱ ብልሽት አለው እንዴ?" አልኩ።

"ምንም የለው።"

"ታዲያ ለምን ይጠፋል?"

"እኔ ነኝ የማጠፋው።" በአገጫቸው ከኋላዬ ወዳለው ረግረግ ጠቆሙኝ። "ሠርግ ላይ ናቸው። በሰው ሠርግ ባትሪ ይበራል እንዴ?"

ወዲያው ገባኝ። ገባኝና ማስረዳት ጀመርኩ። አብሪ ትል ተብለው እንደሚጠሩ፣ ትል ይባሉ እንጂ ጥንዚዛ እንደሆኑ፣ ወንዱ እየበረረ ብልጭ ሲል ሴቷ ሣር ላይ ተቀምጣ በራሷ ብርሃን እንደምትመልስለት፣ ብርሃኑም እንደ አምፖል እንደማይሞቅ፣ ሆዳቸው ጫፍ ላይ ያለው ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እንደሚፈጠር አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ጋሽ ረዲ አንገታቸውን ደፍተው፣ መስጊድ ውስጥ ሼህ እንደሚሰማ ሰው ሰሙኝ። አላቋረጡኝም።

"ማሻአላህ" አሉ ስጨርስ። "ይሄን ሁሉ የት አየሽው?"

"መጽሐፍ ላይ።"

"በይ እንግዲህ፣ ዞር በይ።"

ለካ ያን ሁሉ ሳስረዳ ጀርባዬን ለረግረጉ ሰጥቼ ነበር።

ዞርኩ። ከቄጠማው በላይ፣ ወገብ በሚያህል ከፍታ ላይ፣ ብርሃናቸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ። አንዱ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ክንድ ያህል አለፍ ብሎ ደግሞ ብልጭ ይላል። ከታች ከሣሩ ውስጥ አንዲት ትመልሳለች። አንድም ድምፅ የለም። ጋሽ ረዲ ካፖርታቸውን ሰብስበው ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ እሄድ ጀመር። ጋሽ ረዲ መግሪብ ሰግደው ይመጣሉ፤ መብራቱን ያጠፋሉ፤ የዒሻ ሶላት እስኪደርስ ይቆጥራሉ። የሚቆጥሩት በተስቢሃቸው ነበር። አንዱ ብልጭ ባለ ቁጥር "ሱብሃነላህ" ብለው አንድ ፍሬ ይለቃሉ። መቶው ሲሞላ አንድ ዙር ይሆናል። "ትናንት ስድስት ዙር ነበሩ፤ ዛሬ አራት" ይሉኛል፣ የቤተሰብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው።

እኔም አስተማሪ አይደለሁ? አላስችል አለኝ። "ጋሼ፣ አንዱን እኮ አሥር ጊዜ ነው የሚቆጥሩት" አልኳቸው።

"አንዱ አሥር ጊዜ ቢያበራ፣ ዘጠኙን ልጣልበት?"

የማይመስላቸውን ነገር ሲሰሙ አይቃወሙም፤ ኮፊያቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ያደርጓታል፣ ያ ብቻ ነው። ኮፊያዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ያልኩት ነገር ውድቅ እንደሆነ ማወቅ ለመድኩ።

ቆጠራቸው ልክ ባይሆንም የሚያውቁት ነገር ግን ልክ ነበር። ጫቱ ላይ መድኃኒት በተረጨ ማግሥት የማዶው ዳር እንደሚጨልም ያውቃሉ። ዝናብ አንድ ሳምንት ከቀረ ቁጥራቸው እንደሚሳሳ፣ ከዘነበ በሦስተኛው ቀን እንደሚበዙ ያውቃሉ። አስፋልቱ ዳር አዳዲስ ሱቆች ተከፍተው አምፖላቸው ወደ ረግረጉ ካበራ ወዲህ በዚያ በኩል አንድም እንደማይታይ ያውቃሉ። እኔ ምክንያቱን እነግራቸዋለሁ፦ የአብሪ ትሎቹ ልጆች ጭቃው ውስጥ ቀንድ አውጣ እየበሉ ነው የሚያድጉት፤ ጭቃው ከደረቀ ቀንድ አውጣ የለም፤ መድኃኒቱ ከታጠበ ወደ ጭቃው ይወርዳል፤ ብርሃን ከበዛ ወንዱና ሴቷ አይተያዩም፤ ካልተያዩ ለከርሞ ልጅ የለም። ጋሽ ረዲ ይሰሙና "እንደሱ ነው ለካ" ይላሉ። ይህን ሲሉ ኮፊያቸው ከቦታዋ አትነቃነቅም። ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን በስልኬ ቪዲዮ አሳየኋቸው። በሩቅ አገር ባሕር ዳር፣ ማንግሮቭ የሚባሉ ዛፎች ሥራቸውን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተክለው ቆመዋል። አንዱ ዛፍ ላይ የሰፈሩት አብሪ ትሎች ተስማምተው በአንዴ ይበራሉ፤ በአንዴ ይጠፋሉ። እዚያም ደኑ ሲቆረጥ፣ ውሃው ሲበከል፣ ዳርቻው ላይ መብራት ሲበዛ እየቀነሱ መሆኑን ነገርኳቸው። ጋሽ ረዲ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ደጋግመው አዩት።

"እዚያስ" አሉ፣ "መብራት የሚያጠፋላቸው ሰው አለ?"

አላውቅም አልኳቸው።

ጥፋቴን ልንገራችሁ። የሳይንስ ክበብ አቋቁሜ ነበር። በትክክል ለመቁጠር የግድ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ መጽሐፍ ላይ አለ። ይዘህ፣ ምልክት አድርገህ፣ ትለቃለህ፤ በማግሥቱ ደግሞ ትይዛለህ። የክበቡን ተማሪዎች ሰብስቤ አብሪ ትሎቹን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ እንዲይዙልኝ፣ በማግሥቱ ጠዋት ጀርባቸውን በጥፍር ቀለም እንደምንነካ ነገርኳቸው። ተማሪዎቹ በደስታ ያዙ። ክዳን ላይ ቀዳዳ እንዲያበጁ መንገር ግን ረሳሁ። ፕላስቲኮቹን መስኮቴ ላይ ደርድሬ ተኛሁ። ሲነጋ ፀሐይ ቀድማኝ ደርሳ ነበር፤ አንድም በሕይወት አልነበረም።

ጋሽ ረዲ ከሥራ ሲወጡ መስኮቱ ሥር ቆሜ አገኙኝ። ፕላስቲኮቹን አዩ። እኔን አዩ።

"ስንት ናቸው?" አሉኝ።

"አርባ አንድ።"

"ልክ ቆጥረሻል።" ኮፊያቸውን አልነኩም። "የኔ ልክ አይደለም። ግን ነገም እቆጥራቸው ነበር።"

ከዚህ የበለጠ አልተቆጡኝም። አርባ አንዱን እዚያው ረግረጉ ዳር አፈሰስናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሳንነካቸው ለመቁጠር ተስማማን። እኔ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፦ ዝናብ፣ ንፋስ፣ ጨረቃ፣ የመድኃኒት ርጭት። እሳቸው ማንበብ የሚችሉት ዓረብኛ ብቻ ስለነበር እሳቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቆጠራ አይበቃም ብዬ ሁለተኛ ጨመርኩ፤ ከዒሻ በኋላ፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት። እሱ እስኪያልቅ መብራቱ ጠፍቶ ይቆያል ማለት ነው።

"ረዘመ፣ ቲቸር" አሉኝ።

"ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ጋሼ። ካልተነጻጸረ እኮ ትርጉም የለውም።"

ኮፊያዋ ወደ ኋላ ሄደች። አየኋት። ግን ሰንጠረዡን አልቀየርኩም።

በሁለተኛው ሳምንት እኔ ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ጋሽ ረዲ ብቻቸውን ወንዙ ጫፍ ወርደው ሁለተኛውን ቆጠራ ሲቆጥሩ፣ ሌባ በኋላው አጥር ዘሎ የቤተ ሙከራውን መስኮት ሰበረ። ሁለት ማይክሮስኮፕ ነበረን፤ ሁለቱንም ወሰደ።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ዳይሬክተሩ፣ የወላጅ ተወካዮችና ጥቂት መምህራን። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ስለሆንኩ እኔም ተጠራሁ። ጋሽ ረዲ በር አጠገብ ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ አሉ።

"መብራቱ በርቶ ነበር?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ጠፍቶ ነበር።"

"ማን አጠፋው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"እነዚያን ለማየት ነው፤ የሚያበሩትን።"

አንድ ወላጅ ከት ብሎ ሳቀ። "ለትል ብለው ነው ማይክሮስኮፕ ያስወሰዱት? ወይ ጋሽ ረዲ! ሌባውንስ አብረው ቆጠሩት?"

ሌሎቹም ሳቁ። ጋሽ ረዲ ወለሉን ያያሉ። እስከ ሦስት ሰዓት እንዲቆይ ያዘዘው ማን እንደሆነ እስኪናገሩ ጠበቅሁ። አልተናገሩም። ወደ እኔ እንኳ ዞር አላሉም። እኔም፣ ያቺ ሁሉን አስረጂ፣ ያን ቀን አፌ ተዘጋ። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም ነበር። ኮሚቴው ሌላ ጥበቃ እንዲፈለግ ተነጋግሮ ተበተነ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። "ጋሼ፣ ለምን አልተናገሩም?"

"ምኑን?"

"እኔ እንዳዘዝኩ።"

"ማጥፊያውን የነካው የኔ እጅ ነው። አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ፤ ስምሽ ንጹሕ ይሁን። እኔ አሁን ብሄድ ምን እሆናለሁ? ሽማግሌ ነኝ።" ደረጃውን እየወረዱ "ወላሂ፣ የሚያሳዝነኝ አዲሱ ጥበቃ ማጥፋቱን አለማወቁ ነው" አሉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ደብተሬን ይዤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። መብራቱ እስከ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ እንዲቆይ ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጋሽ ረዲ ረዘመ ብለውኝ እንዳልሰማሁ፣ ትናንትም ዝም ያልኩት ፈርቼ እንደሆነ ነገርኩት። ዳይሬክተሩ ቁጡ ሰው ነው። ደብተሩን ገለጠ፤ ዘጋ።

"ጻፊና አምጪ፣ ፈርመሽ" አለኝ። "ለአንቺ ማስጠንቀቂያ እሰጥሻለሁ። እሳቸው ይቆያሉ። መብራቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ አይጠፋም። ለአንድ ደቂቃም!"

ስወጣ ጋሽ ረዲ በር ላይ ነበሩ። የሰሙት ይመስለኛል። ገብተው ዳይሬክተሩን ሰላም አሉት።

"አይጠፋም ብለሃል፤ እሺ፣ አይጠፋም" አሉ። "ዓይኑን ብቻ ላዙረው?"

"የምን ዓይን?"

"የመብራቱን። አሁን እኮ ግማሹ ረግረግ ነው የሚያየው። ልጄ፣ ቄጠማ ውስጥ ምን ይሰረቃል? ሌባው የሚመጣ በአጥር ነው። አጥሩን ይይልህ።"

ዳይሬክተሩ ሳይወድ ፈገግ አለ። "አንድ ሳምንት" አለ። "አጥሩ ከጨለመብኝ ያበቃል።"

የመጀመሪያውን መከለያ የሠሩት ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር። ለሁለት ከፍለው ፓውዛው ላይ አለበሱት። ከሰዓት በኋላ ተሰቀለ፤ ማታ ሲበራ በሙቀቱ ቀለጠና ግቢውን የፕላስቲክ ሽታ ሞላው። "ተቃጠለ እንዴ ትምህርት ቤቱ?" እያሉ መምህራኑ በነጠላ ጫማ ወጡ። ጋሽ ረዲ መሰላል ላይ ሆነው ይስቁ ነበር። በማግሥቱ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ባርኔጣ አጥፈው ከላይና ከኋላ ሸፈኑት። ብርሃኑ አጥሩና የቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ወደቀ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ደመቀ። ረግረጉ ጨለመ።

ሁለት ምሽት ተቀመጥን፤ አንድም የለም። እሳቸው ተስቢሃቸውን ይዘው አንድ ፍሬ አልለቀቁም። እኔ ደብተሬ ላይ ዜሮ ጻፍኩ። አርባ አንዱን አሰብኩ፤ የኔ ጥፋት ይሆን አልኩ። በሦስተኛው ምሽት ዳይሬክተሩ ሳይነግረን መጣ። አጥሩን ዞሮ በባትሪ አየ፤ አጥሩ ብርሃን እንደሆነ አረጋገጠ። ከዚያ "የታሉ እነዚያ ጉደኞች?" ብሎ አጠገባችን ቆመ።

"ባትሪህን አጥፋው" አሉት ጋሽ ረዲ።

አጠፋ። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅን። ወንዙ ዳር፣ ሣሩ ሥር፣ አንዲት ነጥብ በራች። ከቄጠማው በላይ አንዱ መለሰ። ከዚያ ሌላ። ጋሽ ረዲ ፍሬ መልቀቅ ሲጀምሩ ድምፁን ሰማሁት። ዳይሬክተሩ ጨለማ ውስጥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር ቆይቶ "ኤጭ፣ ተምታታብኝ" አለ።

"ከአንድ ጀምር" አሉት ጋሽ ረዲ። "ማን ይጠይቅሃል?"

የቆርቆሮው ባርኔጣ ከዚያ አልወረደም። ቁጥራቸው ወደ ድሮው ተመልሷል ብዬ አልዋሻችሁም። የሱቆቹ አምፖል አሁንም አለ፤ ጫቱም ይረጫል። ነገር ግን በእኛ በኩል አልጠፉም፤ በቀጣዩ ክረምት ከነበሩት ትንሽ ጨምረው አየናቸው። ጋሽ ረዲም ጡረታቸው እስኪደርስ ከዚያ ድንጋይ ላይ አልተነሱም። እኔ ወደ ወልቂጤ ስዛወር የሸኙኝ መናኸሪያ ድረስ ነው። "እዚያ እርጥብ ቦታ ካለ ንገሪኝ" አሉኝ በሚኒባሱ መስኮት። እሺ አልኳቸው። ሥራ በዛብኝ፣ ቤት ቀየርኩ፣ እርጥብ ቦታ ሳልፈልግ ሦስት ክረምት አለፈ። አልነገርኳቸውም።

ከለቅሶው ስመለስ በተከራየሁበት ቤት ጀርባ ያለውን ቦታ ሄጄ አየሁት። ዝቅ ያለ፣ ውሃ የሚቋጥር ሜዳ ነው። አከራዬ እትዬ አልማዝ ወደዚያ የሚያበራ አምፖል አላቸው። ሲመሽ ለአንድ ሰዓት እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው።

"ሌባ ቢመጣስ?"

"እኔ እቀመጣለሁ።"

"ለምንድነው ግን?"

"ለአብሪ ትል።"

"አብደሻል፣ ልጄ" አሉኝና አጠፉት። የሰኔ ዝናብ ከጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወጥ እየሠራሁ ሳለ ከጓሮ ጮኹ። "ቲቸር! ነይ እንጂ ቶሎ! አንዱ መጣ! እሳቱን ተዪው፣ ነይ!"

እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። ከቤታችሁ አጠገብ ቄጠማ፣ ወንዝ ዳር፣ ውሃ የሚያቁር ሜዳ ካለ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደዚያ የሚያየውን አምፖል ለአንድ ሰዓት አጥፉ፤ ማጥፋት ካልሆነላችሁ ከልሉት። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ምንም አትያዙ፣ ምንም አትንኩ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ያያችሁትን ቁጠሩ፤ ቢምታታባችሁ ከአንድ ጀምሩ። ምንም ካላያችሁ "ዜሮ" ብላችሁ ጻፉና በማግሥቱ ተመለሱ።